ሰውነት እንደ ልብስ አይታጠብም፦ በስህተት ግሉተን ለበሉ ሰዎች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ተላከልኝ። ሦስቱም «ይጠቅምሻል ብዬ ነው» ብለው ነው የላኩት። ጽሑፉ የሴሊያክ በሽታ ያለበት ሰው (ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ሲገባ የገዛ መከላከያው አንጀቱን የሚያቆስልበት ሰው) ሳያውቅ ግሉተን ከበላ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውነቱን «ማጽዳት» እንደሚችል ይናገራል። ምክሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ቶሎ ብላችሁ አስመልሱት። የመድኃኒት ከሰልና አቼቶ ጠጡ፤ ግሉተኑን ስቦ ያወጣዋል። የኢንዛይም ክኒን ዋጡ። ከዚያ ሦስት ቀን ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሱ። ምንም ካልተሰማችሁ ምንም አልተጎዳችሁም። በማግስቱ የደም ምርመራ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ይህን ሁሉ ካላደረጋችሁ ግን ግሉተኑ ስድስት ወር ሰውነታችሁ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአንጀታችሁ መዳንም ከዜሮ ይጀምራል።

ሴሊያክ እንዳለብኝ ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ሰው መርዳት እንደፈለጉ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ግን እንዲህ ያለውን ምክር የሚያነበው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ በሌላው ስልኩን እየነካካ ምን ላድርግ የሚል ሰው። ያ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

እኔም እዚያ ወለል ላይ ተቀምጫለሁ። የመጨረሻው ባለፈው ዓመት ነበር። ጓደኛዬ ቤት እራት ተጠራሁ። ለኔ ብላ ሩዙን ለብቻ ቀቅላለች። ማንኪያውን ለብቻ አድርጋለች። ዳቦውን ከጠረጴዛው አርቃዋለች። ሾርባው ብቻ ወፈር ያለ ነበር። ጣፈጠኝ፤ ሁለት ሳህን ጠጣሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወሬ ላይ እያለን አፌ ድንገት ምራቅ ሞላ። ያን ምራቅ ሴሊያክ ያለበት ሰው ያውቀዋል። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ቤቴ ሳልደርስ መንገድ ላይ አስመለሰኝ። ሌሊቱን ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። በማግስቱ ሰው የስልክ ቁጥሬን ቢጠይቀኝ ከአፌ አልወጣ አለ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፤ ከሁሉም የከፋው ስህተት እሱ ስለሆነ። ጽሑፉ ሴሊያክንና የስንዴ አለርጂን አንድ ላይ ደባልቆ «ግሉተን የማይስማማቸው» ይላቸዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የስንዴ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈርና ምላስ ሊያሳብጥ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ ግፊት ጥሎ ራስን ሊያስት ይችላል። እንዲህ የሆነ ሰው የሚያስፈልገው አድሬናሊን መርፌና ሆስፒታል ነው። አቼቶ እየበጠበጡ የሚጠብቁበት ጊዜ የለውም። በሴሊያክ ሰውነት የሚቆጣው በሌላ መንገድ ነው፤ ስቃዩ ከባድ ቢሆንም ትንፋሽ አይዘጋም። ስለዚህ ስንዴ በልታችሁ ፊታችሁ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃታችሁ የኔንም የሳቸውንም ጽሑፍ ተዉትና ወደ ሕክምና ሩጡ።

አሁን ወደ ማስመለሱ። ጣትን ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስመለስ ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ይመስላል። መጥፎ ነገር ገብቷል፣ ይውጣ ነው ነገሩ። ግን ሰዓቱን አስቡት። ፈሳሽ ምግብ ጨጓራ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ጠጣሩም ቢሆን ግማሽ ያህሉ በሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ትንሹ አንጀት ያልፋል። ማቅለሽለሹ ደግሞ በብዙዎቻችን ላይ የሚጀምረው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። ያመመኝ ግሉተኑ ቀድሞ አንጀቴ ስለደረሰ ነው። ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ግሉተን ከበሉ በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ ኢንተርሉኪን-2 የሚባለው የመከላከያ ሴሎች መልእክት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ብሎ ታይቷል። መልእክቱ ከተላለፈ በኋላ ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ታግሎ ማስመለስ የምግብ ቧንቧን በጨጓራ አሲድ ያቆስላል። ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሰውነት ሊይዘው የሚገባውን ውሃና ጨውም ይወስዳል። በራሱ ከመጣ ይምጣ፤ አትታገሉት። ተገዶ እንዲመጣ ግን አታድርጉ።

እዚህ ላይ ግሉተን ምን እንደሚያደርግ ትንሽ ልቆይበት። የቀሩትን ምክሮች ለመመዘን ያስፈልገናል። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ፕሮሊንና ግሉታሚን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ስለሚበዙበት የሰው ኢንዛይም ሙሉ ለሙሉ አይቆራርጠውም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ ቁራጭ የጨጓራውንም፣ የቆሽቱንም፣ የአንጀት ግድግዳውንም ኢንዛይም ተቋቁሞ እንደሚቀር አሳይቷል። ይህ የሚሆነው በሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ ነው። ከሕዝቡ 30 እስከ 40 በመቶ ያህሉ ዲኪው-2 ወይም ዲኪው-8 የሚባሉትን የዘር ምልክቶች ይዞ ይወለዳል። ሴሊያክ የሚይዘው ግን ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነው። በዚያ አንድ ሰው አንጀት ውስጥ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባል የራሱ ኢንዛይም ያንን ቁራጭ ትንሽ ይለውጠዋል። የተለወጠውን ቁራጭ የመከላከያ ሴሎች እንደ ጠላት ያዩታል። ውጊያው የሚካሄደው አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። የሚመታውም ምግብ የሚመጥጠው፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጸጉር ያለ የሚመስለው የአንጀት ሽፋን ነው።

ይህን ከያዝን የከሰሉና የአቼቶው ነገር ረጅም መልስ አያስፈልገውም። አቼቶ አሲድ ነው። ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድ ከአቼቶ የበረታ ነው፤ ያ ቁራጭ እሱን ተቋቁሞ ነው ያለፈው። በባዶና በታመመ ሆድ ላይ የሚጠጣ አቼቶ የሚያተርፈው ማቃጠል ብቻ ነው። ከሰሉ ሐኪም ቤት ውስጥ ለአንዳንድ መመረዞች በትክክል ያገለግላል። ግሉተንን ይዞ እንደሚያወጣና አንጀትን እንደሚያድን ግን የታየ ማስረጃ የለም። አደገኛው ጎኑ መድኃኒትን ለይቶ አለማወቁ ነው። አብሮት የተዋጠውን ይይዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሰል ጠጥቶ መድኃኒቱ ቢያመልጠው ከሆድ ሕመም ወደ ባሰ ነገር ይገባል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ነው።

የኢንዛይም ክኒኑ ትንሽ ይለያል። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። የሰው ኢንዛይም የማይቆርጠውን የሚቆርጥ ኢንዛይም ለማግኘት ተመራማሪዎች ለዓመታት ሲደክሙ ኖረዋል። አንዳንዶቹ ሙከራዎች ተስፋ ይሰጣሉ፤ እኔም በጉጉት ነው የምከታተላቸው። ግን በሱቅ መደርደሪያ ላይ «ግሉተንን ያፈጫል» ተብሎ የሚሸጠው ክኒን ያ አይደለም። ኢንዛይም የሚሠራው ምግቡ ገና ጨጓራ ውስጥ እያለ ነው። ሆድ ከታመመ በኋላ ሲዋጥ የሚያገኘው ነገር የለም። ቀድሞ ቢዋጥ እንኳ ማሳነስ እንጂ ማጥፋት አይችልም፤ ለኛ ደግሞ የተረፈው ትንሽ ነገር ራሱ በቂ ነው። ለሴሊያክ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ክኒኑን ቦርሳው ውስጥ የያዘ ሰው ይዘናጋል። «ምን አለበት፣ ክኒኔ አለ» ብሎ ሳይጠይቅ ይበላል።

ሦስት ቀን ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ የሚለው ምክር ደግሞ የደከመን ሰው የሚጥል ነው። አንጀቱ ያለማቋረጥ አዲስ ሴል ይሠራል። የአንጀት ሽፋን ሴሎች ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታደሳሉ። ይህን የሚሠሩት ከምናገኘው ምግብ ነው። በተቅማጥና በትውከት ውሃና ጨው ላጣ ሰው ጾም መፍትሔ አይሆንም። ብዙ ሊትር ባዶ ውሃ በአንዴ መጠጣትም ጨውን አይተካም። የጠፋው ውሃና ጨው ነው፤ መመለስ ያለበትም ሁለቱ ነው።

ለዚህ የሚሆነው በጣም የታወቀ ነገር ነው። ፋርማሲ የሚገኘው ኦአርኤስ። እሱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ነው። ልኬቱን አታሳልፉ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። የሚያስመልሳችሁ ከሆነ በትንሽ በትንሹ፣ በማንኪያ እየጨለፋችሁ። እኔ ያን ሌሊት ስኒ ከጎኔ አስቀምጬ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ እወስድ ነበር። ስልኬ ላይ ሰዓት እየሞላሁ። ሲነጋጋ ማንኪያውን ትቼ ከስኒው መጎንጨት ቻልኩ። ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ ጨው ጣል የተደረገበት ሩዝ፣ ቀትር ላይ የተቀቀለ ድንች። ሲርብ መብላት ነው፤ ካልራበ መግደርደር አያስፈልግም።

ወተቱን ለጥቂት ቀን ተዉት። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም የሚቀመጠው እዚያው የአንጀት ጸጉር ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ሲጎዳ ወተቱ ሳይፈጭ ይቀርና ሆድ ይነፋል። ሰውየው ግሉተኑ ገና አልወጣም ብሎ ይጨነቃል፤ ያስጨነቀው ግን አንድ ብርጭቆ ወተት ሊሆን ይችላል። አንጀቱ ሲያገግም ወተቱም በአብዛኛው ይመለሳል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ኢቡፕሮፌን የተቆጣን ሆድ ያባብሳል። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራሚድ ለአዋቂ ለአንድ ሁለት ቀን ሊረዳ ይችላል፤ ትኩሳት ካለ ወይም ሰገራ ላይ ደም ከታየ ግን አይወሰድም፣ ለልጅም በራስ ሥልጣን አይሰጥም። ሆድ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ማድረግ ምንም አይፈውስም፤ ግን ቁርጠቱን ያላላል። እኔ ያለሱ አላድርም።

ጽሑፉ ልክ የተናገረው ነገርም አለ። እረፉ ይላል፤ ትክክል ነው። የበላችሁትን ጻፉ ይላል፤ እጅግ ትክክል ነው። በዚህ ላይ ከልቤ እስማማለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አሳሳቹ ነጥብ። «ምንም ካልተሰማችሁ ምንም አልተጎዳችሁም» ይላሉ። ይህ የብዙ ሰው እምነት ስለሆነ ነው የሚያሰጋኝ። ሴሊያክ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው ፈጽሞ አይቆርጣቸውም። የደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳት ወይም የማይለቅ ድካም ይዟቸው ሲመረመሩ ነው የሚታወቀው። ስሜቱና ጉዳቱ እኩል አይሄዱም። አንዱ በፍርፋሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ ያድራል፤ ሌላው ሙሉ ዳቦ በልቶ ይተኛል፣ አንጀቱ ግን እየተበላሸ ነው። በቆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚወጣባቸውም አሉ። ያ ከሴሊያክ ጋር የተያያዘ የቆዳ በሽታ ነው፤ ሲቀሰቀስ በቀን ሁለት ቀን አይጠፋም፣ ሳምንታትና ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ያልታመመ ሰው «እኔንስ አይነካኝም» ብሎ መድገም የለበትም። የሚነግረው ስሜት ስለሌለው ከኛ የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አሳሳች መስመር አለ። ጥቂት ጥቂት እየበሉ ሰውነትን ማስለመድ ይቻላል ይላል ጽሑፉ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎ። አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ሴሊያክ ላለባቸው ሰዎች በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር ሰጥቶ አንጀታቸውን አየ፤ ተጎድቶ ተገኘ። 50 ሚሊግራም ምን ያህል ነው? አንድ ቁራጭ ዳቦ 2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ግሉተን አለው። 50 ሚሊግራም ማለት ያንን ቁራጭ አርባ ቦታ ቆርጦ አንዷን መውሰድ ነው። በጣት ጫፍ የምትነሳ ፍርፋሪ። በየቀኑ ያቺን የበላ ሰው አልለመደም፤ ቆሰለ። በሌላ በኩል በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች የሆነው ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» ለሚባል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም አይለፍ የሚለውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ልኩ ላይ የደረሰ ምግብ ግማሽ ኪሎ ብትበሉ 10 ሚሊግራም ነው የምታገኙት። «ዛሬ አንዴ ስለተበላሸ የቀረውንም ልብላና ከነገ ልጀምር» የሚለውም በዚሁ ይወድቃል። ለአንጀት ሁለተኛው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል።

የደም ምርመራው ላይ አጭር ልሁን። በማግስቱ ሄዶ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ ደም ውስጥ የሚለቀው ፕሮቲን) መመርመር ምንም አይነግራችሁም። አንቲቦዲ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በአንድ ቀን ስህተት ላይነቃነቅ ይችላል። ውጤቱ ደህና ነው ሲባል ሰው «ምንም አልበላሁም ማለት ነው» ብሎ ምንጩን መፈለግ ይተዋል። በሽንትና በሰገራ ውስጥ የግሉተን ቁራጭ የሚፈልጉ ምርመራዎች አሉ፤ በሽንት አንድ ሁለት ቀን፣ በሰገራ ጥቂት ቀናት ድረስ ያሳያሉ። የአንቲቦዲው ምርመራ ቦታው ሌላ ነው፤ በዓመት አንዴ በሚደረገው ክትትል ላይ። ደግሞ ይህን እያነበባችሁ «እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም» ያላችሁ፣ ግን ተመርምራችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከመመርመራችሁ በፊት ግሉተን አታቁሙ። ካቆማችሁ ምርመራው ሊያየው አይችልም።

አሁን ብዙ ልልበት ወደምፈልገው መጣሁ። ስድስት ወርና ዜሮ።

ግሉተን ስድስት ወር ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም። ምግብ ነው፤ በቀናት ውስጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስድስት ወር የሚለው ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። አንድ ሰው ገና ሲታወቅበት ከፍ ብሎ የነበረው አንቲቦዲ እስኪወርድ ወራት ይፈጃል። ያ ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲበላ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። የአንድ ቀን ሾርባ አይደለም።

ዜሮውም እንደዚያው። የአንጀት መዳን ረጅም መንገድ መሆኑ እውነት ነው። በአዋቂዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ አንጀታቸው መዳኑ በባዮፕሲ (ከአንጀት ትንሽ ናሙና ተቆርጦ በሚደረግ ምርመራ) የታየላቸው ሲሦ ያህሉ ብቻ፣ በአምስት ዓመት ደግሞ ሁለት ሦስተኛው መሆናቸውን አሳይቷል። ልጆች ቶሎ ይድናሉ። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ደንግጬ ነበር። ግን መንገዱ ረጅም ነው ማለት የአንድ ቀን ስህተት ወደ መነሻው ይመልሳል ማለት አይደለም። አንጀት በየቀኑ የሚታደስ ሥጋ ነው። አንዴ ተቆጥቶ ግሉተኑ ከቆመለት ወደ ጥገናው ይመለሳል። የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። በየሳምንቱ የሚገባ፣ ምንጩ ያልታወቀ ፍርፋሪ።

ይህን ልዩነት የማጠብቀው በምክንያት ነው። «ከዜሮ ትጀምራለህ» የተባለ ሰው ሁለት ነገር ሲሆን አይቻለሁ። አንዱ ቤቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ግብዣ አይሄድም፣ ጉዞ አይወጣም፣ ከሰው ጋር ምግብ አይቀርብም። ሌላው «ከዜሮ ከሆነማ ምን ለፋኝ» ብሎ ጨርሶ ይተወዋል። አንዲት የማውቃት ልጅ ሁለተኛውን አደረገች። አንድ ዓመት ሙሉ ተጠንቅቃ፣ አንድ ቀን ተሳስታ፣ የተነገራትን አምና ተወችው። ወደ ምርመራ የተመለሰችው ደሟ በጣም ወርዶ ሰው ደግፏት ነው። ስህተቱ አልነበረም የጣላት። ስለ ስህተቱ የተነገራት ነገር ነው።

ሕመሙ ስንት ቀን ይቆያል ለሚል፣ ትውከቱና ተቅማጡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው። ድካሙና የጭንቅላት መፍዘዙ ሳምንት ወይም ትንሽ አለፍ ሊል ይችላል። ውሃ እንኳ አልቀመጥ ካለ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ስትነሱ ራሳችሁን ካሳታችሁ፣ ቁርጠቱ እየበረታ ከሄደ ወይም ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተሻላችሁ ሐኪም ይያችሁ። ሁሉን ነገር ግሉተን ላይ መለጠፍም አደጋ አለው፤ የምግብ መመረዝም ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ነው። ስድስት ሰባት ሰዓት ያልሸና፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ የፈዘዘ ልጅ አይጠበቅም።

እና ምን ያድናል? እዚህ ላይ የአንድ ሰው ሥራ ላንሳ። ዊለም ዲከ የሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም እህሉን ጠርጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት በሀገሩ ዳቦ ጠፋ። ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ በሴሊያክ የታመሙት ልጆች ግን ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸው ተመለሰ። በ1950 የጥናት ጽሑፉን አቀረበ። ልጆቹ የሚያጸዳ ነገር አልተሰጣቸውም። ስንዴው ቆመላቸው፣ አንጀታቸው የራሱን ሥራ ሠራ። ዛሬም ሕክምናው ይኸው ነው። በስህተት የበላ ሰው ሕክምናም ከዚህ አይለይም። ሁለተኛ እንዳይገባ ማድረግና ሰውነቱ እስኪያልፍለት መደገፍ።

ሁለተኛ እንዳይገባ ለማድረግ ከየት እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ጻፉ ያሉት ጸሐፊ ልክ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው። ሲሻላችሁ ያለፉትን 24 ሰዓታት የበላችሁትን ሁሉ ጻፉ። ሶሱንም፣ ቅመሙንም፣ ክኒኑንም። ማልት የሚል ካያችሁ በአብዛኛው ገብስ ነው። አኩሪ አተር ሶስ ብዙውን ጊዜ ስንዴ አለው። «ከስንዴ ነፃ» ማለት «ከግሉተን ነፃ» ማለት አይደለም፤ ገብሱ ሊኖር ይችላል። አጃም ቢሆን በመንገድ ላይ ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል ከግሉተን ነፃ ተብሎ ያልተለየውን አትመኑት።

ከዚያ ወደ ኩሽናው። እኔ አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ያልተገለጸልኝ ሕመም ነበረኝ። ምግቡን ሁሉ ቀየርኩ፣ ምንም። አንድ ቀን የፓስታ ማጥለያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። ለኔም ለቤተሰቤም በተራ የምንጠቀምበት ማጥለያ ነው። ከቀዳዳዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ቆፈርኩት፣ ወጣ። የደረቀ ሊጥ። በየቀኑ ይታጠብ ነበር፤ ንጹሕም ይመስል ነበር። በሚቀጥለው ቀን የራሴን ማጥለያ ገዛሁ። የእንጨት ማንኪያ፣ መክተፊያ፣ የዳቦ መጥበሻ፣ ዳቦ የተጠበሰበት ዘይት፣ የጋራ የቅቤ ዕቃ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ሙቀት ግሉተንን አያጠፋውም። የእጅ አልኮልም አያጠፋውም፤ ጀርም አይደለማ። ሳሙናና ውሃ ጠርጎ ያነሳዋል፤ ስፖንጁ ራሱ ንጹሕ ከሆነ።

ጓደኛዬ በማግስቱ ጠዋት ደወለችልኝ። «እንዴት አደርሽ?» አለች። ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች። «ሁሉንም እኮ ለብቻ ነው ያደረግሁት» አለች። አውቃለሁ አልኳት። ያኔ ከይቅርታዋ በላይ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። «ሾርባው ውስጥ የጨመርሽው የዱቄት ቅመም ፓኬት አለ?» አልኳት። ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጋ አወጣችው። በስልክ አነበበችልኝ። ጨው፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት። ሦስተኛው ላይ ዝም አለች።

ባለፈው ወር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሾርባ ጠጣሁ። ማንኪያውን ከማንሳቴ በፊት አዲሱን ፓኬት አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ቆማ እስካነብ ጠበቀችኝ።